ነጭ ከነጭ

አተር አዳቃዩ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ይወዳል። ሚስቱ እህቷን ልታስታምም ከሄደች ወዲህማ የማይጠረጥረው ሰው የለም። ትናንት በገዛ እጁ መርጦ የገዛው ቲማቲም ቤት ሲገባ ጥሬ ሆኖ ተገኘ፤ ሻጯ ለውጣብኛለች አለ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የሚሠራበት የእርሻ ምርምር ጣቢያ የበር ዘበኛ እግሩን አይቶ ሳቀ። እሱንም በልቡ ያዘው።

ዋናው ጥርጣሬው ግን የጣቢያው የዘር መጋዘን ጠባቂዋ ላይ ነው።

አተሩ ወይን ጠጅም ነጭም ያብባል። ወይን ጠጁ ኃይለኛ ነው፤ ነጩን በሆዱ ደብቆ ለልጅ ልጅ ሊያሳልፍ ይችላል። ነጩ ግን ምንም አይደብቅም፤ ነጭ ከነጭ የሚወለደው ነጭ ብቻ ነው። አምና አበባው ሳይረግፍ ነጩ ላይ ቀይ ክር፣ ወይን ጠጁ ላይ አረንጓዴ ክር አሰረ። ቀድሞ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር የሚያንጠለጥለው፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ክር ይሻላል ያለችው መጋዘን ጠባቂዋ ናት። ባለ ቀይ ክሩን ለቅማ ጆንያ ውስጥ የከተተችውም እሷ፣ ቁልፉም እሷ ጋ።

ዘንድሮ ያ ዘር ተዘራ፤ ግማሽ ያህሉ ወይን ጠጅ አበበ።

«ዘሩን ለውጠሽዋል» አላት።

«ኧረ በልጆቼ! ቀይ ክር ያለበትን ብቻ ነው የለቀምኩት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ አበባው ነው የዋሸው?»

«እኔ እንጃ። ክሩን ያሰሩት እርስዎ።»

«ዓይኔ እያየ፣ እጄ እያሰረ! ሰው እጠረጥራለሁ እንጂ ዓይኔን ጠርጥሬ አላውቅም።»

አለቀሰች። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች በዚያችው ደመወዝ ታሳድጋለች። አንጀቱን በላችው፤ ሆኖም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብሎ ጨከነ። የስንብት ደብዳቤዋ ተጽፎ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ።

ሥራ አስኪያጁ ለመፈረም አመነታ። «አሥር ዓመት ቁልፍ ይዛ አንድ ፍሬ ያልጎደለባት ሴት ናት» አለ። «መጀመሪያ አሠራርህን ልይ።»

«እሺ! እሷ ድርሽ እንዳትል እንጂ።»

አዳቃዩ ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱም ዓይነት ክር ያለበትን ጣሳ ይዞ የአተሩ መስመር ውስጥ አጎንብሶ ዋለ። ነጭ አበባ ባየ ቁጥር ቀይ ክር ይመዛል፣ ያስራል፣ ያልፋል። እሷ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ቀና አለና ሥራ አስኪያጁን ጠራው።

«ና እይ! ነጩ ሁሉ ቀይ ታስሮበታል። ከእንግዲህ ቢቀላቀል ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። በል ፈርም።»

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን እንደያዘ መስመሩን እስከ ጫፍ ሄደ። እያንዳንዱን ክር እያየ ተመለሰ።

ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደና፣ «ወንድሜ፣ አንዱ ነጭ ላይ ቀይ፣ አንዱ ነጭ ላይ አረንጓዴ ነው ያሰርከው፤ ልክ እንደ ካልሲህ» አለው።