የተደፈነችው ቀዳዳ

አናጺው መሰላል ላይ ቆሞ ከዎርክሾፑ ኮርኒስ አንዱን ጣውላ እንደፈነቀለ ሽታው አፍንጫውን ሰነፈጠው። ብርድ እንዳያስገባ ብሎ ከቆርቆሮው ሥር በገዛ እጁ የጠቀጠቀው የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ፣ ጠቁሮና ሻግቶ ተንጠልጥሏል። ቢነካው ጣቱ እንደ በሰበሰ ድንች ሰርጎ ገባ። ቡናማ ውሃ በክርኑ ወርዶ ብብቱ ውስጥ ገባ፤ ተከትሎም አንድ የሞተ አይጥ ከነጎጆው ትከሻው ላይ ዱብ አለ።

ወደ ጥጉ ተንጠራራ። አባቱ ለአየር መውጫ የተዋትን ቀዳዳ ራሱ በአሮጌ ካፖርት ደፍኗት ነበር። ሲጎትተው እጅጌው ተሞሽልቆ እጁ ላይ ቀረ። የሙጫው እንፋሎት፣ የእርጥቡ እንጨት ወበቅ፣ የሱም ትንፋሽ መውጫ አጥተው ክረምቱን ሙሉ እዚያው ታፍነው ስፖንጁን ሲያበሰብሱ ከርመዋል።

“ምን አገኘህ ልጄ?” አሉት መሰላሉን ከሥር የያዙለት አሮጊት ጎረቤቱ።

“ምንም። ትንሽ እርጥበት ነው፣ እትዬ።”

በዚሁ ሽታ የተነሳ ጠዋት ማታ አጥራቸው ላይ ቆሞ “ዶሮዎችዎ ሰፈሩን አገሙት” እያለ ሲጨቀጭቃቸው ከርሞ ነበር። እሳቸውም ለጉርብትና ሲሉ አንዲት እንኳ ሳያስቀሩ ሸጠዋቸዋል። ቀስ ብሎ ቁልቁል አየ። አሮጊቷ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል፤ አፍንጫቸውን አልያዙም።

“ውረድ እንጂ፣” አሉት። “ለኔ አትጨነቅ፤ የዶሮዎቼ ሽታ ነው ብለኸኝ የለ።”