የጠራው ናሙና

ሽቶ ከመጣ ወዲህ ውሃ ለኪው ቀልቡ አልተሰበሰበም። ሽቶ የሚሉት ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከውን ባለሙያ ነው፤ እሱ አልፎ ሽታው ኮሪደሩ ላይ ይቀራል። የመጣው ተፋሰሱን ሊመዝን ነው፤ አፈሩ፣ ምንጩ፣ ወንዙ በዚህ አያያዝ ለልጅ ልጅ ይተርፍ እንደሆነ ሊለካ። ደህና ነው ከተባለ ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል፤ ተጎድቷል ከተባለ ግን የማገገሚያው ሥራ እስኪጀመር ይከርማል።

የውሃ ለኪው ሚስት እሱ የሚቀዳው ውሃ በሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ሽቶ ደግሞ ላብራቶሪውን ቤቱ አድርጎታል። ራስ ለራስ ገጥመው ያወራሉ፤ ባሏ ብቅ ሲል ወሬው ቀጥ ይላል። ምን እያላችሁ ነው ሲላት የሥራ ጉዳይ ነው ትለዋለች፤ ፊቷ ግን ፍም ይመስላል። ቅናት አንጀቱን ይበላው ጀመር።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ ወንዙ በአንተ እጅ ቢሆን ከየት ትጀምር ነበር አለችው። ስለ ወንዙ ከተነሳ አንደበቱ ይፈታል፤ ከጉብዝናው ጀምሮ ሲጮህ ሰሚ ያጣበት ነገር ነው። ከላይኛው ገደል እጀምራለሁ፤ መጀመሪያ እርከን፣ ቀጥሎ ዛፍ አላት። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ሽቶ ይህንኑ ቃል በቃል ደገመው። የውሃ ለኪው ደም ፈላ። የጓዳቸውን ወሬ ሳይቀር ታደርስለታለች ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። መለኪያ ጣቢያው ከከተማው ሩቅ ነው፤ ናሙና የሚቀዳውም እሱ ብቻ። ወንዙ የገበሬውን ማሳ ተሸክሞ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። ዳር ላይ ቆሞ አየው፤ ሊቀዳ አንዱን ጠርሙስ ከፈተ። ከዚያ የሚስቱ ሳቅ ከሽቶ ሳቅ ጋር ትዝ አለው። ጠርሙሶቹን ይዞ ወደ ምንጩ ወጣና ሁሉንም ኩልል ባለ ውሃ ሞላ።

ሚስቱ ጠርሙሶቹን ስትቀበለው ፊቷ ዳመነ።

"እርግጠኛ ነህ ከወንዙ ነው የቀዳኸው?"

"ታዲያ ከየት እቀዳዋለሁ?"

ጠርሙሶቹ ላይ ቀኑን ጽፋ ወደ ውስጥ ይዛቸው ገባች።

ተፋሰሱ ደህና ነው ተባለ። ሽቶ ሻንጣውን መኪናው ላይ ሲጭን፣ ውሃ ለኪው ከሁሉ ቀድሞ ሊሸኘው ወጣ፤ ደስታው ጥርስ አላስከድን ብሎታል። ሽቶ እጁን ጨብጦ ቶሎ አልለቀቀውም።

"አዝናለሁ ወንድሜ፤ ተፋሰሱ ተጎድቷል ቢባል ኖሮ ማገገሚያውን የምትመራው አንተ ነበርክ፤ ሚስትህ እኮ አለቆቼን እንዳሳምንልህ ስትለምነኝ ነው የከረመችው።"