ከቤቶቹ ሥር ያለው ዋሻ

ሩሐማ ኮምፒውተሩን እንደገና አስጀመረችው። ዓይኗ ቀልቷል።

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ተጠጋግተው የቆሙ አሮጌ ቤቶች ሊፈርሱና በቦታቸው ፎቅ ሊሠራ ታስቧል። አስቀድሞ ግን መሬቱ መጠናት ነበረበት። አለቃዋ አቶ አረጋዊ ሠራተኞች ይዘው ሄዱና በየደጃፉ የብረት ዘንግ ተክለው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሰደው መሬቱ ምን ያህል እንደሚያሳልፈው ለኩ። ሩሐማ ያን ቀን አሞኛል ብላ ቀርታ ነበር። ልኬቱን ካዛንቺስ ያለው ቢሮ ውስጥ ተቀበለቻቸው።

የቀረው የኮምፒውተር ሥራ ነው። ከታች ምን ሊኖር እንደሚችል ሩሐማ አንድ መነሻ ግምት ትሰጠዋለች። ኮምፒውተሩ ግምቱ እውነት ቢሆን ምን ልኬት ይገኝ እንደነበር ያሰላል፤ ከተለካው ጋር ያስተያያል፤ ግምቱን ያርምና ደግሞ ያሰላል። ልዩነቱ እስኪጠብ እንዲሁ ይመላለሳል።

ባስኬደችው ቁጥር ከቤቶቹ ሥር ዋሻ ይወጣል።

አቶ አረጋዊ ዋሻውን አልወደዱትም። ፎቁን የሚያሠራው ባለሀብት ቸኩሏል። ስልካቸው በጠራ ቁጥር ኮሪደር ወጥተው በሹክሹክታ ያወራሉ፤ ሲመለሱ ድጋሚ አስኪጂው ይሏታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«መነሻ ግምትሽ ራሱ ዋሻ አለበት፤ ቀይሪው። ዋሻ የሌለበት አድርጊውና እንየው።»

ቀየረችው። ዋሻው ጠፋ። ልዩነቱም እንደ በፊቱ ጠባብ ነበር።

«ይኸው፣ ይሄም ይገጥማል» አሉ።

«ሁለቱም ይገጥማሉ ጋሼ» አለች፣ ድካም በተጫነው ድምፅ። «ፎቁ ቢሰምጥ ግን የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

አቶ አረጋዊ እንግዲያው ቆፍረን እናረጋግጥ አሉ። እሷም የመቆፈሪያው መኪና ቤቶቹ ካልፈረሱ በዚያ ጠባብ መንገድ እንደማይገባ አስረዳቻቸው። ተነስተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ጡረታቸው ደርሷል፤ ሙግት ታክቷቸዋል።

በማግስቱ ቦታው ለፎቅ አይመከርም ብለው ፈረሙ። ባለሀብቱ ተቆጣ፤ በኋላ ግን ሌላ ቦታ ሊፈልግ ሄደ። ቤቶቹ ተረፉ።

ሩሐማ የቤቶቹን መትረፍ በሰማችበት ቀን ከቢሮ ቀደም ብላ ወጣች። ታክሲ ይዛ ቂርቆስ ወረደች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጎን ባለው ቀጭን መንገድ ገብታ ከአሮጌዎቹ ቤቶች የአንዱን በር ከፈተች። እናቷ ወይዘሮ አስቻለች በታሸጉ ካርቶኖች መሃል ተቀምጣለች።

«ዕቃውን ፍቺው እማዬ» አለቻት። «ዋሻዬን አመኑልኝ።»