የጮኸ ካለ

በዳታ ሴንተሩ ውስጥ «አባ መጥረጊያ» ነው የሚሉት። ሥራው ማጽዳት ነው፤ የሚያጸዳው ግን ወለል አይደለም። አንድ ሰርቨር በሆዱ ብዙ ኮምፒውተሮችን ይሸከማል፤ በእጅ የማይዳሰሱ፣ በሶፍትዌር ብቻ ያሉ፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ። ሰው ለአንድ ጉዳይ ይከፍታቸውና ይረሳቸዋል። እነሱም ሜሞሪውን እየበሉ በሰላም ይኖራሉ፤ አባ መጥረጊያ መጥቶ እስኪያጠፋቸው።

ባለቤቱ ያልታወቀ ማሽን ሲያገኝ ስብሰባ አይጠራም። ያጠፋውና ማን እንደሚጮህ ያዳምጣል። የጮኸ ካለ ይቅርታ ጠይቆ መልሶ ያበራለታል፤ ከሌለ ይሰርዘዋል። ሰውን ብትጠይቀው «እኔ ምን አውቄ» ይላል፣ ካጠፋህበት ግን በእግሩ ይመጣል እያለ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ያስተምራል።

የልብ ኦፕራሲዮን አድርጎ ወደ ሥራ ከተመለሰ ወዲህ ግን ቢሮው አልጥመው ብሏል። እሱ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ወንበር ሊስብ ሲል ሁለት ሦስት ሰው ይሽቀዳደማል። ቁጣው አፍንጫው ላይ ያለው አለቃ እንኳ እንደ አራስ ያባብለው ጀምሯል። አባ መጥረጊያ ይህን ሁሉ በሚስቱ አሳበበ። ሐኪሙ በወሩ መጨረሻ ድጋሚ እስኪያየው ድረስ እንዳይደክም፣ እንዳይደነግጥ ብሏታል፤ እሷም ሳትነግረው የቀረ ሰው የለም።

ሚስቱ ራሷም ጤና የላትም። ዓይኗ ቀልቶ ይውላል፤ ስትጠየቅ አለርጂ ነው ትላለች። የልጃቸውን ፎቶ ፍሬሙን አሠራለሁ ብላ ከሳሎን ካወረደችው ቆየ፤ ግድግዳው ባዶውን ነው። ደስ የሚለው ነገር ቢኖር ልጁ ከምትሠራበት ሩቅ አገር ጠዋት ጠዋት የምትልክለት መልእክት ነው። «አባዬ፣ እንዴት አደርክ? መድኃኒትህን እንዳትረሳ።» መደወል አይመቻትም፤ ያለችበት ቦታ መስመር አያገኝም ብላዋለች እናቷ። ያቺ ብርድ ልብስ ተገፍፎባት ትነሣ የነበረች እንቅልፋም ዛሬ ደቂቃ አታዛንፍም። ሥራ ሰው አደረጋት እያለ ለብቻው ይስቃል።

ያን ሰሞን ሜሞሪ ጠበበና የማይፈለገው ሁሉ ይጽዳ ተባለ። አባ መጥረጊያ የማስተዳደሪያውን ሶፍትዌር ከፍቶ ሲፈትሽ አንዲት ሚጢጢ ማሽን አገኘ። የተከፈተችው እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። ባለቤቷ አልተጻፈም፤ በይለፍ ቃልም ተቆልፋለች። ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትታ ትውላለች፤ ጠዋት ላይ ብቻ ነቅታ የሆነች ትንሽ ነገር ወደ ውጭ ትልክና ተመልሳ ትተኛለች።

የድርጅቱን መረጃ ወደ ውጭ የሚያወጣ ሰው አለ ማለት ነው ብሎ ጠረጠረ። ማንነቱን ለማወቅም ብዙ አልቆየ። ከአጠገቡ በምትቀመጠው ባልደረባው ጀርባ ሲያልፍ ያቺው ማሽን ስክሪኗ ላይ ተከፍታ አየ፤ ልጅቷ ሲያያት በድንጋጤ ዘጋችው።

ክው አለ። ሥራውን ሀ ብሎ ያስተማራት እሱ ነው፤ የሚያያት እንደ ታናሽ እህቱ ነው። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ይህ ከታወቀ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፣ እስር ቤትም አለ። በዚያው ሳምንት ሚስቱ ምሳ ልታደርስለት መጥታ ስትመለስ፣ ሁለቱ በሩ ጋ ቆመው ሲንሾካሾኩ አያቸው። ሚስቱ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። ጉዷን ነግራት አማልጂኝ እያለቻት ነው ብሎ አሰበ።

«ይቺ ማሽን የማን ናት?» ብሎ ጠየቃት።

ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ጋሼ፣ ተዋት።»

«የማን ናት ነው ያልኩሽ።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ እነግርሃለሁ።»

በወሩ መጨረሻ ከማን ምን ልትቀበል ነው? አልጠየቃትም። ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ለአለቃው መናገር ነበረበት፤ አንጀቱ እምቢ አለው። ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ የለመደውን ዘዴ መረጠ። ማሽኗን ያጠፋል፤ ውጭ ያለው ተቀባይ ይጮህ እንደሆነ ያያል። የጮኸ ከሌለ ይሰርዛታል፣ ነገሩም በሁለቱ መካከል ተቀብሮ ይቀራል። የልጅቷን እንጀራ ለማትረፍ ሌላ መንገድ አልታየውም።

ሠራተኛው ወደ ቤት ሲወጣ ቆየት ብሎ አጠፋት።

በማግስቱ ጠዋት መድኃኒቱን ሳይወስድ ከቤት ወጣ። ትዝ ያለው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ደግነቱ ኪሱ ውስጥ ትርፍ ነበረው።

ቢሮ ሲደርስ ልጅቷን ስክሪኗ ላይ አፍጥጣ አገኛት። ረፋዱ ላይ ወንበሩን ወደሷ ጠጋ አደረገ።

«እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከገባሁ ጀምሮ ጆሮዬን ጥዬ እየጠበቅኩ ነው፤ አንድም የጮኸ የለም። ስለዚህ ልሰርዛት ነው። ከኔም ከአንቺም አፍ አይወጣም።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ከጭንቀት መገላገሏ ነው ብሎ አሰበ፣ የሱም እንባ መጣ። «አይዞሽ፣ አለፈ» አላትና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ሶፍትዌሩ እርግጠኛ መሆኑን ጠየቀው። አዎ ብሎ ተጫነው።

ልጅቷ አሁንም አላቆመችም። ወሬ ሊያስቀይሳት ፈልጎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ይልቅ እሱን ተይውና፣ ዛሬ የልጄ መልእክት አልገባልኝም። ኔትወርክ ተበላሽቷል እንዴ?»