የሚዛን ድንጋዮች

ሟች ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ቱሪስት ያልረገጠው ቦታ ሲያነፈንፍ ኖሯል። እሷም እሱ ሊያያቸው ከዘረዘራቸው ቦታዎች የቀረችውን አንዲት ደሴት ብቻዋን አይታ ወደ ጀልባው ተመለሰች። አንድ ሰው ብቻ ሲሳፈር ጀልባው እንዳያጋድል፣ ቀዛፊው በመቀመጫው ሳንቃ ሌላ ጫፍ ሦስት ትልልቅ ድንጋይ ይጭናል።

«እትዬ፣ ሰው አጋጠመዎት?»

«ኧረ ዝንብም ዝር አላለብኝ!»

«ነግሬዎት የለ!»

ከዳር እንደራቁ ጀልባው በድንጋዮቹ በኩል አዘነበለ።

«እነዚህ ደግሞ ደሴቲቱ ላይ ምን በልተው ወፈሩ?» አለና እየሳቀ አንዱን ወደ ውኃው ጣለው። ጀልባው አልተቃናም። ሁለተኛውን ጣለ። ሦስተኛውን ሲጥል ሳቁን ትቶ ነበር።

የሳንቃው ጫፍ ባዶ ሆነ፤ ጀልባው ግን በዚያው በኩል እንዳዘነበለ ነው። የሴትየዋ ልብ በደስታ ዘለለ።

«አንተ ነህ?» አለች በሹክሹክታ፣ እጇን ወደ ባዶው ቦታ ዘርግታ።

የጀልባው ጠርዝ ይበልጥ ወርዶ ውኃ ማስገባት ጀመረ። ባሏ ትዝ አላት፤ በሽታው አመንምኖት፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር ከአልጋ የምታነሳው። ይኼን ያህል አይከብድም።

እጇን ልትሰበስብ ብትል፣ የያዛት አልለቀቃትም።