ከፊልሙ የቀረው

«መልሳት እስቲ፣ ያቺን ልጅ» አሉ እማማ ፈለቀች።

ዮናስ በርጩማው ላይ ያስቀመጠውን ላፕቶፕ ጠቅ አድርጎ ፊልሙን ወደኋላ መለሰው። ድምፅም ቀለምም የለውም። የዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ ጣሊያን አገር፣ የጦር አውሮፕላን በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ነጭ ሽርጥ ያገለደሙ ሴቶች ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ በእንጨት አጥንት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ይሰፋሉ። የሚሰፉት ክንፍ ነው። አንዷ ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ ቀና አለች። የሚቀርጻትን ሰው አየችና ሳቀች።

«እጇ ፈጣን ነው» አሉ እማማ ፈለቀች። «ባለሙያ ናት።»

ልጃቸው ሐና ከኋላቸው ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ታራግባለች። ሸዋ ሮቢት ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ዮናስ አልጋ የያዘውም እዚያው ነው። «ጣሊያን ከአውሮፕላን ቦምብ የጣለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ይገኛል?» ብሎ ሲጠይቃት «እናቴ አለች» አለችው። ጠዋት ባጃጅ ተኮናትረው መጡ። አሁን ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል፤ የማንጎው ጥላ እንኳን ይፋጃል።

ዮናስ ካሜራውን ከፍቶ ወደ እሳቸው አዞረ።

«እማማ፣ ይህን ፊልም ያደሰው ውጭ አገር ያለ ሙዚየም ነው። ለሕዝብ ሲያሳዩት መጨረሻው ላይ የእርስዎን ፊት ማስገባት ይፈልጋሉ። ካሜራውን እያዩ ‹ይቅር ብያለሁ› ቢሉልኝ ይበቃል። እንባ ከመጣም አይያዙት፤ ይውረድ።»

«ማንን ነው ይቅር የምለው?»

ዮናስ ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። «እነሱን።»

«ይህቺን ልጅ? እሷማ እንጀራ ሆኖባት ሰፋች። ከሷ ጋር ምን አለኝ?»

«እንግዲያው ያሠሯትን ይበሉ።»

«ይቅርታ ጠየቁኝ? ሽማግሌ ላኩብኝ?»

ዮናስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔን እንደ ሽማግሌ ይቁጠሩኝ።»

«አንተን በዳይ አልላከህም ልጄ። የላከህ ፊልም አሳዪው ነው። ሳልጠየቅ ምን ልስጥ?»

ሐና ጎንበስ ብላ በጆሯቸው «እማዬ፣ ምን አለበት?» አለች። «አንዲት ቃል እኮ ናት። ሰውየው ከአዲስ አበባ ድረስ ለፍቶ መጥቶ!»

«ቃሏ የኔ ብትሆን ምን ገዶኝ» አሉ እማማ ፈለቀች። «የአያትሽ ናት።»

ቦምቡ በወደቀበት ቀን እሳቸው አልተወለዱም። እናታቸው ግን ልጅ ነበሩ። ከወንዙ ዳር ማሽላ ሊያርም በደቦ ከወጣው ሰው መሀል በሕይወት የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው፤ አንዷ እናታቸው። ካደጉና ከወለዱ በኋላ፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር ልጃቸውን ፈለቀችን እጇን ይዘው ወደዚያ እርሻ ይወርዱ ነበር። «አባቴ እዚህ ነበር። እናቴ ደግሞ እዚህ» ይሏታል። ሐውልት የለ፣ የተተከለ ድንጋይ የለ። በጣታቸው ብቻ ያሳዩዋት ነበር።

ፊልሙ መሄዱን ቀጥሏል። የፋብሪካው በር ተከፈተ። አውሮፕላኑን እየገፉ አወጡት፤ ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶች አጨበጨቡ። ሞተሩ ተነሣ፣ አውሮፕላኑ ሜዳውን ተንደርድሮ ጨረሰና ወደ ላይ ወጣ። እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ነጥብ አከለ። ስክሪኑ ጨለመ።

«ቀጥል» አሉ።

«አለቀ እኮ እማማ።»

«አላለቀም።»

«እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው።»

«እነሱ መቅረጽ አቆሙ እንጂ እሱ መቼ ቆመ? እዚህ መጣ እኮ!» ከዘራቸውን ጨብጠው ተነሡ። «ካሜራህን ያዝ።»

«በዚህ ፀሐይ?» አለች ሐና ደንግጣ። «እማዬ፣ ደም ብዛትሽ!»

«አንቺ ውሃ ያዢ።»

ቁልቁለቱን ወረዱ። የያኔው የማሽላ እርሻ ዛሬ ማሾ ተዘርቶበታል። ጎረቤታቸው እትዬ ናፊሳ ማሳው መሀል ተቀምጠው ያርማሉ። በዚያ ቀን የእሳቸውም አያት እዚሁ ነው የቀሩት።

«ናፊሳ!»

«አቤት ፈለቁ! ምነው፣ በደህና ነው?»

«አያትሽ ከወደቁበት ቁሚልኝ። ሊቀርጸን ነው።»

እትዬ ናፊሳ ካሜራውን አዩት። «ለማን ነው?»

«አውሮፕላኑን ለሠሩት።»

እትዬ ናፊሳ ሌላ አልጠየቁም። የእጃቸውን አፈር አራገፉ፣ ሻሻቸውን አጠበቁ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ተነሡና በማሾው መሀል ወደ ግራ ተራመዱ። ቆሙ።

«እዚህ ነው። አያቴ ሲመታ ጎንበስ ብሎ ነበር አሉ» አሉ። «እኔ ግን ቀጥ ብዬ ነው የምቆመው።»

እማማ ፈለቀች ደግሞ የእናታቸው አባት ከነበሩበት ሄደው ቆሙ። ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ከዘራውን አፈር ውስጥ ተከሉትና ለቀቁት።

ሐና የውሃውን ጆግ እንደያዘች ዳር ላይ ቀርታለች። እናቷን አየች፣ እትዬ ናፊሳን አየች። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«የአያቴ እናትስ የት ነበሩ?»

እማማ ፈለቀች ዞር ብለው አዩዋት። ልጃቸው ይህን ጠይቃቸው አታውቅም። በጣታቸው አሳዩዋት። ሐና ማሾውን እንዳትረግጥ እየተጠነቀቀች ሄዳ ቆመች።

ዮናስ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ወደ ሰማዩ ማንሣት ጀመረ።

«ወደ ላይ አይደለም» አሉት እማማ ፈለቀች። «ሰማዩን እነሱ ቀርጸውታል። ዝቅ አድርገው።»

ዮናስ አፈሩ ላይ ተንበረከከ። ሴቶቹ ተራርቀው፣ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ቆመዋል። ፀሐዩ እማማ ፈለቀች ዓይን ውስጥ ገባ። በእጃቸው አልከለሉትም።