ድምፅ የማያሳልፈው ጣሪያ

ወይዘሮ ዋጋነሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ኮልፌ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ክረምት በገባ ቁጥር ግን እንቅልፍ ያጣሉ። «ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ላይ ሰው ይሄዳል» ይላሉ። ጎረቤቱ እርጅና ነው ብሎ ተዋቸው።

ጣሪያ ሠሪው የእህታቸው ልጅ ፈጠነ ግን አንጀቱ አልጨከነም። በ1964 ዓ.ም. ክረምት፣ አስኮ ፈረንጆች ለሚያሠሩት መጋዘን ከመጣው ጣሪያ የተረፈውን አስፈቅዶ አመጣላቸው። ሁለት ቆርቆሮ ሆኖ መሃሉ ስፖንጅ በመሰለ ነገር የተሞላ ነው፤ ሙቀትም ድምፅም አያሳልፍም። አሮጌውን አንስቶ አዲሱን በብሎን አጥብቆ ገጠመው።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ በረዶ ቢወርድ እንኳ አይሰሙም» አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ሁለቱም ቤት ውስጥ ተቀምጠው በመስኮት አዩት፤ ደጁን ጎርፍ በጎርፍ አደረገው። ጣሪያው ግን ጭጭ አለ። የወይዘሮ ዋጋነሽ ዓይን እንባ አቀረረ።

«እሰይ የኔ ልጅ! እጅህ ይባረክ።»

ያን ጊዜ እርምጃው ተሰማ። ቀስ ያለ፣ የከባድ ሰው እርምጃ ነው። አሁን የሚሸፍነው የቆርቆሮ ጩኸት ስለሌለ ጥርት ብሎ ይሰማል። ፈጠነ ደንግጦ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ክንዱን ጨምድደው ያዙት። «ላይ አይደለም፣ ልጄ» አሉት በሹክሹክታ።

ፈጠነ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ። በሩ አጠገብ ያለው ጣውላ ሲጥ ብሎ ረገብ አለና ቀና አለ። ከዚያ ወደ እነሱ የሚቀርበው ጣውላ ረገብ አለ።